አዲሱ መንገድ ይልቀቅ

ለመሆኑ ከራሳችሁ በላይ ስንት ሬሳ እንደሚዞር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

የሰው አይደለም፣ አትደንግጡ። የብረት ነው። ነዳጁ ያለቀ፣ ባትሪው የደከመ፣ ቢጠሩት የማይሰማ፣ ነገር ግን ከጥይት ሰባት ስምንት እጥፍ ፈጥኖ የሚሮጥ ሳተላይት ነው። እናንተ በስልክ ስታወሩ፣ ነገ ይዘንባል አይዘንብም ስትባባሉ፣ ያ ሬሳ በአናታችሁ ላይ ያልፋል። ቀባሪ የለውም። የላከው ሰው ሽቅብ ሲወነጨፍ አጨብጭቦ፣ ፎቶ ተነስቶ ቤቱ ገብቷል። «የፍቅር ታሪክ ልናነብ መጥተን ይሄ ምን ወሬ ነው?» የምትሉ ካላችሁ ታገሡ። ይህ የፍቅር ታሪክ ነው። ሁለቱ ሰዎች የተዋወቁት በዚያ ሬሳ ሰበብ ነው፤ የተኳረፉትም በእሱ ነው።

እሷን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ትራፊክ» ይላታል። ሥራዋ ሰማይ ላይ ምን ከምን ጋር ሊጋጭ እንደተቃረበ አስቀድሞ አይቶ ማስጠንቀቅ ነው፤ ሳተላይት ለመላክ ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻም በእሷ እጅ ያልፋል። ያላት ሦስት ስክሪን፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ አልሞት አላድግ ያለ ተክል ነው። ሁለት ነገሮች ሊቀራረቡ ሲሆን ቅጽ ትሞላለች፤ ለባለቤቶቹ ትልካለች፤ ባለቤቶቹ «ደርሶናል፣ እኛ እንንቀሳቀሳለን» ወይም «እናንተ ተንቀሳቀሱ» ብለው ይመልሳሉ። ከቅጹ ግርጌ «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እሷ እዚያ ወንበር ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ማንም ጽፎበት አያውቅም።

አንድ ቀን ከትልቁ የሳተላይት ድርጅት የመጣ መልስ ግርጌው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እኛ እንንቀሳቀሳለን። በነገራችን ላይ፣ እናንተ ምሳ ትበላላችሁ ወይስ እንደ ሳተላይት በፀሐይ ነው የምትኖሩት?»

ብቻዋን ሳቀች። ጻፈች፦ «በፀሐይ ነው። አሁን ተራው የኔ ነው። አንተ ስንት ትነዳለህ?»

«ስድስት መቶ። ከወንበሬ ሳልነሳ።»

«እንግዲያው ሾፌር ነህ።»

ሾፌር ሆኖ ቀረ። ጨዋታቸውም ደንብ ያዘ። አንድ ቅጽ፣ አንድ ጥያቄ፤ የተጠየቀ ሰው ሳይመልስ መጠየቅ አይችልም። እሱ «የጥፍር ቁራጭ የምታህል የቀለም ቅርፊት የመንኮራኩር መስታወት ትጎዳለች የሚሉት እውነት ነው?» ይላል። እሷ «እውነት ነው። ፍጥነቷ እንጂ መጠኗ አይደለም የሚያስፈራው» ትላለች። በተራዋ «የሞተውን ለምን በመረብ አትይዙትም?» ትላለች። «የሚሽከረከር ነገር መረቡንም ይዞ ይሽከረከራል። የሚሸሽ ዶሮ ይዘሽ ታውቂያለሽ? ዶሮዋ መኪና ብታክል አስቢው» ይላል። ደግሞ አንድ ቀን፣ ያለ አንዳች መግቢያ፣ «ልጅ ሆነሽ ሰማይ አይተሽ መጀመሪያ የጠየቅሽው ምን ነበር?» አላት። ያን ቅጽ ሳትመልስ ሁለት ቀን ያዘችው። በሦስተኛው ቀን «ከላይ ሆኖ እኛን የሚያየን ሰው ቆሻሻችንንም ያያል ወይ? ብዬ ነበር» ብላ ጻፈች። የጻፈችውን ስታነብ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ለማንም ነግራው አታውቅም ነበርና።

*

ፊት ለፊት የተያዩት ከዓመት በኋላ፣ የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ባገናኘ ስልጠና ላይ ነው። እሷ ወረቀት ተሸክማ በጠባቡ ኮሪደር ስትሄድ አንድ ረጅም ሰው ከወዲያ መጣ። ልታሳልፈው ወደ ቀኝ አለች። እሱም ወደዚያው አለ። ወደ ግራ አለች። እሱም ወደ ግራ። ለሦስተኛ ጊዜ ሁለቱም በአንድነት ዞር ሲሉ ወረቀቱ ተበተነ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ እየሳቀ። «ደንብ እናውጣ። አዲሱ መንገድ ይልቀቅ። አንቺ መቼ ነው የተወለድሽው?»

ነገረችው። በስምንት ወር ትበልጠዋለች።

«እንግዲያው አዲሱ እኔ ነኝ» አለና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋት። በአጠገቡ ስታልፍ «ትራፊክ ነሽ አይደል?» አላት በቀስታ። አልጠየቀችውም እንዴት አወቅህ ብላ። እሷም ድምፁን ከዚያ በፊት ሰምታ ባታውቅም አውቃው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር በዚያ ደንብ ሆነ። በር ላይ አዲሱ ይቆማል፤ ሲጣሉ አዲሱ ቀድሞ ይቅርታ ይላል። ሥራቸውም ላይ አስገቡት። የእሷ መሥሪያ ቤት የራሱ የሆነች አንዲት ሳተላይት ነበረችው፤ ጎርፍና ድርቅ የምትመለከት፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች፣ ሁሉም «አሮጊቷ» የሚላት። ከእሱ ሳተላይቶች አንዱ ወደ አሮጊቷ በቀረበ ቁጥር ማንም ሳይነግረው መንገድ የሚለቀው እሱ ነው። «አዲሱ መንገድ ይለቃል» ብሎ ግርጌው ላይ ይጽፋል። አሮጊቷ የቀራት ነዳጅ ለአንድ ጉዞ ብቻ ይበቃል፤ ሥራዋን ስትጨርስ ዝቅ ብላ፣ አየር ውስጥ ገብታ፣ ተቃጥላ እንድታልቅ። የመውረጃዋ ነዳጅ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ ቤተሰብ ሰማ።

የሳተላይት ድርጅቱ የሾፌሩ አክስት ነው። እናቱ ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር፤ አክስቱ አነሳችው፣ አጠበችው፣ አስተማረችው። «እቴቴ» እያለ ነው ያደገው። ትራፊክን ቢሮዋ አስጠራቻት። ሰፊ መስኮት፣ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠች አንዲት የተጣመመች አንቴና፤ ሴትዮዋ በወጣትነቷ በእጇ የበየደቻት የመጀመሪያዋ አንቴና።

«ልጄ፣ አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

«ቆራሌ ናቸው። አሮጌ ብረት ይሰበስባሉ።»

አክስቱ አልሳቀችም። «የተከበረ ሥራ ነው። እኔም ይህቺን አንቴና የሠራሁት ከቆራሌ በገዛሁት ሽቦ ነው። ዛሬ በእኔ ሳተላይት ከየገጠሩ ጤና ጣቢያ ወደ ሐኪም ይደወላል፤ ይህን የገነባሁት ጥርሴን ነክሼ ነው። አንቺ ደግሞ የእኔን ፈቃድ የሚመረምር ወንበር ላይ ተቀምጠሻል። ነገ ሰው 'በልጇ በኩል ገዛቻት' ይላል፤ ወይ 'በልጇ በኩል ሰለለቻት' ይላል። ወይ ወንበሩን፣ ወይ ልጁን ምረጪ።»

ጨዋነት የሚመስል ስድብ የሚሉት ይህ ነው። ሲናገሩት ለስላሳ፣ ሲውጡት አጥንት። ይባስ ብሎ ግማሹ እውነት ነበር።

አባቷም ቢሆኑ አልተሻሉም። «ጥሎ የማያነሳ ቤት ልትገቢ ነው?» አሉ። «ብረቱን ጥለው ከረሱ፣ አንቺንም ይጥሉሻል።»

ሁለቱ ግን ማንንም አልመረጡም። መጻፋቸውን ቀጠሉ፤ በእያንዳንዱ ቅጽ ግርጌ፣ አንድ መልስ፣ አንድ ጥያቄ። ትራፊክ ማታ ስትተኛ የምታስበው የነገውን ጥያቄ ነበር፤ ሰው እንዲህ ተደርጎ ይወደዳል ብሎ የነገራት አልነበረም።

*

ከዚያ ድርጅቱ ሰማይ ላይ ባሉት አራት ሺህ ሳተላይቶች ላይ ዘጠኝ ሺህ ተጨማሪ ለመላክ ፈቃድ ጠየቀ። ማመልከቻውን ያነበበችው እሷ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች፦ «ከቁጥጥር የወጡት እጅግ ጥቂት ናቸው።»

እጅግ ጥቂት! ይህ ቁጥር ነው? ዳቦ ቤት ሄዳችሁ «እጅግ ጥቂት ዳቦ ስጡኝ» ትላላችሁ? የሞተው ሳተላይት የሚዞረው ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ማንም ካላወረደው ከእናንተ ዕድሜ፣ ከልጆቻችሁም ዕድሜ በላይ እዚያው ይዞራል። አንዱ ከሌላው ቢጋጭ ሺህ ስባሪ ይሆናል፤ ሺው ስባሪ ደግሞ ሌላ ይመታል። እና «እጅግ ጥቂት» ብሎ የጻፈ እጅ ደመወዙን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል።

ትራፊክ ግን ያን ቀን አልተቆጣችም። ጉጉ ሆነች። ጉጉት ነው ያጠፋት። ተራው የእሷ ነበርና በቅጹ ግርጌ ጻፈች፦ «ጥያቄዬ፦ ከእናንተ መንጋ ስንቱ ሞቷል?»

መልስ አልመጣም።

አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን። ቅጾቹ ግርጌያቸው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። በአሥራ አንደኛው ቀን ስክሪኗ ላይ ቢጫ መስመር በራ፤ ከእሱ ሳተላይቶች አንዱ በሁለት ቀን ውስጥ በአሮጊቷ አጠገብ በዘጠና ሜትር ርቀት ሊያልፍ ነው። ዘጠና ሜትር በዚያ ፍጥነት ምንም ማለት አይደለም። ቅጹን ላከች። የመጣው መልስ የእሱ እጅ አልነበረበትም፦ «መልእክታችሁ ደርሶናል። በውስጥ አሠራራችን መሠረት ይታያል። ሕግ ክፍል።»

አለቃዋ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው፣ በትከሻዋ በኩል አነበቡት።

«ደውይላቸው እንጂ።»

«ደወልኩ ጋሼ። 'በጽሑፍ አቅርቡ' አሉ።»

«ልጁ ጋ ደውይ።»

«የቱ ልጅ?»

«የቱ ልጅ ትለኛለች! ይሄ ተክል እንኳ የሚያውቀው ልጅ ነዋ።»

ስልኩን አነሳች። ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ ጣቷ ያውቀዋል። ግን አሥራ አንድ ቀን ዝም ያለ ሰው ነው። እቴቴ አሸንፋለች፤ ልጁ መርጧል፤ ደንቡም አብሮ ሞቷል ብላ ደመደመች። ስልኩን መልሳ አስቀመጠች። ከሰዓት በኋላ የአሮጊቷን የመውረጃ ነዳጅ አውጥታ ስድስት መቶ ሜትር ከፍ አደረገቻት።

ሳተላይቶቹ ሲተላለፉ አየች። ልኬቱ ሲመጣ ደግሞ እንደገና አየች፤ ዓይኗን አላመነችም። አርባ ሜትር። የእሱም ሳተላይት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በኩል፣ ከሞላ ጎደል ያንኑ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ሁለቱም ዞር ብለው እዚያው ተገናኝተዋል። እንደ ኮሪደሩ።

አሮጊቷ ተረፈች። ግን የመውረጃ ነዳጅ የላትም። ከእንግዲህ እሷም ሬሳ ናት፤ ባለቤቷም ትራፊክ ናት። ያን ዕለት ከቁጣው በላይ፣ ከኀፍረቱም በላይ አንድ ጥያቄ ደረቷን ሞላው፤ የተኳረፈ ሰው ለምን መንገድ ይለቃል?

*

ድርጅቱ ለሕዝብ ባወጣው መግለጫ «የእኛ ሳተላይት ከመንገዱ ፈቀቅ አላለም፤ ሳያስታውቅ የተንቀሳቀሰው የመሥሪያ ቤቱ ያረጀ ዕቃ ነው» አለ። ልኬቱን ስታሳያቸው «መሣሪያችሁ ያረጀ ነው፣ የልኬት ስህተት ነው» አሉ። በፈቃዱ ላይ ሕዝብ የሚሰማው ጉባኤ ተጠራ። መግለጫው ከጸና እሷ ከወንበሯ ትነሳለች፤ ዘጠኝ ሺውም ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ይወጣል። ሳተላይቱ መንቀሳቀሱን እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።

ከጉባኤው በፊት በነበረው ቀን ጠዋት አንድ ተራ ቅጽ ተመለሰላት። ሁለት የሞቱ ነገሮች ሊተላለፉ ነው የሚል ነው፤ ሁለቱንም ማንቀሳቀስ ስለማይቻል እንዲህ ያለውን ቅጽ ማንም አያነበውም። ግርጌው ግን ሙሉ ነበር።

«ትራፊክ፣ ይህን ሕግ ክፍል አያየውም፤ የሁለት ሬሳ ጉዳይ ነው። ጥያቄሽ ሲደርሰኝ ደሜ ፈላ። የጠየቀችኝ እሷ ናት ወይስ ወንበሯ? ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ለራሴ ልመልስ ብዬ ቆጠርኩ። ከቆጠርኩ በኋላ ግን ያዘንኩት በቁጥሩ ብዛት ነው። ቁጥሩን ለእቴቴ አሳየኋት። በማግስቱ ማስታወሻ መጻፍ ተከለከልኩ፤ ካልተጠየቅሁ በቀር በጉባኤ እንዳልናገርም አስፈረሙኝ። ከተጠየቅሁ አልዋሽም። ግን ያሳደገችኝን ሴት ራሴ ተነስቼ ልከሳት አልችልም፤ አቅሙ የለኝም። ብትጠይቂኝ ቤቴን አጣለሁ። ባትጠይቂኝም አልቀየምሽም። ሾፌር።»

አራት ጊዜ አነበበችው። «ባትጠይቂኝም አልቀየምሽም» የሚለው ላይ ስትደርስ ፊደሉ ይደበዝዝባታል።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ግቢ ሄደች። አባቷ በዛገ ላሜራ ክምር መካከል ተቀምጠው ከተሰበረ ማራገቢያ መዳብ ይፈቱ ነበር።

«ነይ፣ ነይ የሰማይ ሹም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልጠይቅሽ እያልኩ። እዚያ ላይ ያለው ብረት አሉሚኒየም ነው ላሜራ?»

«ይበልጡን አሉሚኒየም ነው አባባ።»

«ይኼን የመሰለ ንብረት! መሰላሉ ነው እንጂ የቸገረ።» ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ግን ፒንሳውን አስቀመጡ። «ምን ሆንሽ?»

ነገረቻቸው። ደብዳቤውንም አነበበችላቸው። ብትጠይቀው ከቤቱ ታስወጣዋለች፤ ባትጠይቀው እሷ ትወድቃለች፣ ሰማዩም ይወድቃል። ሽማግሌው አንድ ቁራጭ መዳብ አነሱ።

«እኔ ሥራ ስጀምር» አሉ፣ «ደጅ ላይ የተጣለ ብረት ሳይ አንስቼ እጭን ነበር። አንድ ቀን 'ሌባ' ተብዬ ተደበደብኩ። ይኼ ጥርሴ ያን ጊዜ ነው የወለቀው። ከዚያ ወዲህ ብረት ከማንሳቴ በፊት መንገዱ መሐል ቆሜ ሦስት ጊዜ እጮኻለሁ፦ ይሄ የማነው? ይሄ የማነው? ይሄ የማነው? ሰፈሩ ይሰማል። ባለቤት ካለ ይወጣል። ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? ብዙ ሰው የጣለውን ነገር 'የኔ ነው' ለማለት ያፍራል እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚጠይቀው አጥቶ ነው። ስትጠይቂው ማውጣትሽ ነው እንጂ መክሰስሽ አይደለም።»

«ቤቱን ቢያጣስ?»

«ቤት ቢያጣ...» መዳቡን በጣታቸው ጠመዘዙ። «ያ ልጅ ተኳርፎ መንገድ የለቀቀ ልጅ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ልጅ ደጄ ላይ ባገኝ አላሳልፈውም። ንገሪው፣ እዚህ ቦታ አለ። ወንበሩ ግን ላሜራ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ያ ልጅ» ብለው ነበር፤ እስከዚያ ቀን «የነሱ ልጅ» ነበር የሚሉት።

*

አዳራሹ ሞልቷል። በጠረጴዛው ላይ የውሃ ጠርሙስ፣ ሲጫኑት ቀይ የሚበራ ማይክራፎን፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚንቋቋ ማራገቢያ። ከወዲያኛው ረድፍ አክስቱ፣ ጠበቃቸው፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ እሱ። ከስቷል። ቀና አላለም። እጁን ግን አየችው፤ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ የማይታይ መስመር ይስላል፣ ያጠፋል፣ ይስላል።

ጠበቃው ጀመረ። «እመቤቴ፣ ያን ዕለት ሳተላይትዎን ሲያንቀሳቅሱ ለድርጅቱ አስታውቀዋል?»

«አላስታወቅሁም።»

«ለምን?»

«ዝም ተብዬ ስለነበር ፈራሁ። ማስታወቅ ነበረብኝ። ስህተቱ የኔ ነው።»

በአዳራሹ ማጉረምረም ሆነ። ጋሼ ግንባራቸውን ያዙ። ጠበቃው ፈገግ አለ፤ እንዲህ ያለ ቀላል ድል አልጠበቀም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ ለድርጅቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ ካለ ዕድሉ የእርስዎ ነው።»

ትራፊክ ወረቀቱን አነሳች። ሁለት መስመር አለበት፤ አንዱ የአሮጊቷ፣ ሌላው ከሥሩ ተነስቶ አብሮ ሽቅብ የሚወጣ።

«ይህ የአሮጊቷ መንገድ ነው፤ የኔ ነው። ይህ ሁለተኛው መስመር፣ ከመንገዱ ወጥቶ ከፍ ያለው፣ ይሄ የማነው?»

«መልሰናል» አለ ጠበቃው። «የልኬት ስህተት ነው።»

«እርስዎን አልጠየቅሁም። ይሄ የማነው?»

ማራገቢያው አንድ ጊዜ ተንቋቋ። አክስቱ ወደ ልጁ አልዞረችም፤ እጇ ግን ቦርሳዋን ጨበጠ።

ሦስተኛውን ለመጠየቅ አፏ እምቢ አላት። አምስት ዓመቱ የነበረ ልጅ ታያት፤ በሰው ቤት ደጅ ላይ የቆመ። የሚያወጣ ጥያቄ እንጂ የሚከስ ጥያቄ እንዳልሆነ ለራሷ ነገረች።

«ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡትን ነው የምጠይቀው። ይሄ የማነው?»

ቀይዋ መብራት በራች።

«የኔ ነው» አለ።

«አቁም!» አለ ጠበቃው።

«ተጠይቄያለሁ። ከተጠየቅሁ እናገራለሁ ብዬ ነው የፈረምኩት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ። እንዳታንቀሳቅስ ተብዬ ነበር። አሮጊቷ የቀራት የመውረጃ ነዳጅ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። በእኛ መካከል ደግሞ ደንብ አለ፤ አዲሱ መንገድ ይለቃል። እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ። ደንቡን እንደማልረሳ ግን ታውቃለች ብዬ...» ጣቱ ጠረጴዛው ላይ እንደገና መስመር ሳለ። «ዝም ብልም ታውቃለች ብዬ ነበር።»

ይህ ነው እንግዲህ! አሥራ አንድ ቀን የጠበቀችው ደብዳቤ ሰማይ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበበችው እሷ ናት። እሱ አምኗት ዞረ፤ እሷ ተጠራጥራው ዞረች። አርባው ሜትር የጥርጣሬዋ ልክ ነበር። ሁለት መቶ ሰው እያያት መሆኑን ረሳች።

«አላወቅሁም» አለች፤ ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። «ማወቅ ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታ የአዲሱ ነው» አለ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ ሰው አፍንጫውን ጠረገ። አክስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጁ ዞረች፤ በፊቷ ላይ ቁጣ የጠበቀ ሁሉ ሌላ ነገር አየ፤ ፍርሃት።

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ። «የሚቀር ጥያቄ አለ?»

ነበረ። ሁለቱም ያውቁታል። አሁን ብትቀመጥ ወንበሯ ይተርፍላታል፤ እሱም ተግሳጽ ተቀብሎ ቤቱ ይገባ ይሆናል። ትራፊክ ግን የቆራሌ ልጅ ናት፤ መንገድ መሐል የቆመ ሰው ግማሹን ጠርቶ ግማሹን አይተውም።

«አለ። በጨዋታችን ያልተመለሰ ነው» አለች። «ስድስት መቶውን ብቻ አይደለም። ከአራት ሺው መንጋ ስንቱ ሞቷል? ማንስ ያወርደዋል? ይህን ያልመለሰ ሰው ሌላ ዘጠኝ ሺህ ልላክ ብሎ መጠየቅ አይችልም። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ጠበቃው ተነሳ፤ «የንግድ ምሥጢር ነው!» አለ። ምሥጢር! በእያንዳንዳችሁ አናት ላይ የሚዞር ነገር የማን ምሥጢር ነው? ከኋላ ረድፍ ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ሰብሳቢው ዝም ለማሰኘት እጃቸውን አነሱ።

ሾፌሩ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። አራት ቦታ የታጠፈ ነበር፤ እጥፋቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ብዙ ጊዜ የተከፈተ። አልከፈተውም። ጠረጴዛው ላይ፣ በእሱና በአክስቱ መካከል፣ በቀስታ አስቀመጠው። ማይክራፎኑን ከራሱ ፊት አንስቶ ወደ አክስቱ አዞረላት።

«እቴቴ» አለ፤ ድምፁ የአምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። «ቆጥሬ ሰጥቼሽ ነበር። ጥርስሽን ነክሰሽ ይህን ሁሉ የሠራሽ ሴት ነሽ፤ ይህንንም ትችይዋለሽ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። አንቺ ትመልሻለሽ ወይስ እኔ ልመልስ?»